ትኩሳት ልጃችንን ደግሞ ቢያንቀጠቅጠውስ?

በግራ እጄ ሌባ ጣት ላይ፣ ከጥፍሩ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ጠባሳ አለች። የልጄ የጥርስ ምልክት ናት። ያኔ 14 ወሩ ነበር። ትኩሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያንቀጠቅጠው «ምላሱን ሊውጥ ነው» ብዬ ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ። ምላስ እንደማይዋጥ፣ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ሁሉ ጥርስ ከመስበርና ትንፋሽ ከመዝጋት በቀር ፋይዳ እንደሌለው የነገረችኝ፣ ጣቴን ታሽግልኝ የነበረችው ነርስ ናት።

ከዚያ ወዲህ በሦስት የተለያዩ ሕመሞች ተመልሶበታል፤ በአንደኛው ቀን እንዲያውም ሁለት ጊዜ። አሁን ስድስት ዓመት ተኩል ሆኖታል፤ እየሮጠ ያደክመኛል። ይህን የምጽፈው አንድ ጊዜ አይተውት «ይመለስ ይሆን?» በሚል ጥያቄ ዓይናቸው ሳይከደን ለሚያድሩ ወላጆች ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቁጥር መመዝገብ ልማዴ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ደብተር ይዣለሁ፤ ያልገባኝን ደግሞ የሕፃናት ሐኪማችንን እስክትሰለች ድረስ ጠይቄያለሁ።

መጀመሪያ፣ የምንነጋገርበት ነገር ምን እንደሆነ

የትኩሳት መንቀጥቀጥ የሚባለው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የአንጎል ኢንፌክሽን ሳይኖር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ከ100 ሕፃናት ከ2 እስከ 5 የሚሆኑትን አንድ ቀን ይነካል፤ በብዛት የሚታየው ከ12 እስከ 18 ወር ላይ ነው። ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ትኩሳት ሲነካው በቀላሉ ይታወካል፤ የዘርም ድርሻ አለበት። ትኩሳቱን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ቫይረስ ነው።

ሐኪሞች ለሁለት ይከፍሉታል። ቀላሉ መላ ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ፣ ከ15 ደቂቃ በታች የሚቆይና በ24 ሰዓት ውስጥ የማይደገም ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ማለትም አንድ ጎን ብቻ ከተንቀጠቀጠ፣ ከ15 ደቂቃ ካለፈ ወይም በዚያው ቀን ከተደገመ፣ ውስብስብ ይባላል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ብርድ ብርድ ብሎት የሚንዘፈዘፍን ልጅ ከዚህ ጋር የሚያምታታ ብዙ ነው፤ እኔም አምታትቻለሁ። የሚንዘፈዘፍ ልጅ ዓይን ዓይናችሁን ያያል፣ ስሙን ስትጠሩት ይሰማል፣ ያለቅሳል። ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ልጅ ግን ራሱን ስቷል፤ ዓይኑ ወደ ላይ ይገለበጣል ወይም አንድ ቦታ ላይ ይፈዛል፣ ሰውነቱ ግትር ብሎ ከዚያ እጅ እግሩ በአንድ ምት ይወራጫል፣ አረፋ ሊደፍቅ ይችላል፣ ከንፈሩ ሊጠቁር ይችላል። እጁን ብትይዙትም መንቀጥቀጡ አይቆምም። አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ሳይወራጭ ዝልፍልፍ ብሎ ይቀራል።

ይመለሳል ወይ?

ከሦስት ልጆች በአንዱ ገደማ ይመለሳል። ይህ አማካይ ነው፤ የእናንተ ልጅ ግን አማካይ አይደለም። ሐኪማችን በሁለተኛው ቀጠሮ አንድ ወረቀት አውጥታ አራት መስመር አሰመረችና አራት ጥያቄ ጠየቀችን።

የመጀመሪያው ሲያንቀጠቅጠው ዕድሜው ከ18 ወር በታች ነበር ወይ? ከወላጆቹ ወይም ከወንድም እህቶቹ በልጅነቱ እንዲህ የሆነ አለ ወይ? ያንቀጠቀጠው ትኩሳቱ ገና መለስተኛ ሳለ ነው ወይስ ሲንቀለቀል? ትኩሳቱ ከጀመረ ምን ያህል ቆይቶ ነው፣ ከአንድ ሰዓት በታች?

ሦስተኛው ጥያቄ ግር ብሎኝ ነበር። ትኩሳት በበረታ ቁጥር አደጋው የሚበረታ መስሎኝ ነበራ። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ በ39.8 የተንቀጠቀጠ ልጅ ብዙ ችሎ ነው፤ በ38.3 የተንቀጠቀጠ ልጅ ግን መቻያው ዝቅ ያለ ነውና በሚቀጥለው ጉንፋንም የመንቀጥቀጡ ዕድል ሰፊ ነው። አራተኛውም ጥያቄ በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

እኛ እንግዲህ፦ 14 ወር፣ አንድ። ትኩሳቱ 38.4፣ ሁለት። ባለቤቴ ትኩሳት እንዳለው ካስተዋለች ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ሦስት። የቤተሰቡን ነገር ስጠየቅ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብዬ በኩራት መለስኩ። ማታ እናቴ ጋ ደወልኩና ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ «አንተም ሁለት ጊዜ አድርጎህ ነበር፤ ሰው እንዳይሰማ ብለን ተውነው» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር ይህን ስሰማ። አራት ከአራት። ስለዚህ ከዚህ ክፍል አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ዛሬውኑ እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን ጠይቁ። ነውር የመሰላቸው ነገር ስለሆነ ካልጠየቃችኋቸው አይነግሯችሁም።

አራቱም የሌሉበት ልጅ የመመለሱ ዕድል ከ100 ከ20 በታች ነው፤ አራቱም ያሉበት ወደ 70 ይጠጋል፣ ሊያልፍም ይችላል። የመጀመሪያው ከ1 ዓመት በታች ሆኖ ከነበረ ግማሽ በግማሽ ነው በሉት። የሚመለስ ከሆነ ደግሞ በብዛት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው የሚመለሰው፤ ሁለት ዓመት ከዘለለ ልባችሁ ሊረጋ ይችላል። የእኔ ልጅ ይህን ሥርዓት በደንብ አላከበረም፦ 14 ወር፣ 19 ወር፣ 2 ዓመት ከ3 ወር፣ 3 ዓመት ከ1 ወር። ከዚያ ወዲህ የለም።

መመለሱ የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ተመለሰበት ማለት የሚጥል በሽታ ያዘው ማለት አይደለም። ከማንኛውም ሰው መሃል ከ100 አንዱ ገደማ የሚጥል በሽታ ይይዘዋል፤ ቀላሉ ዓይነት የትኩሳት መንቀጥቀጥ ያጋጠመው ልጅ ከ100 አንድ ወይም ሁለት ነው። ውስብስቡ ሲሆን፣ በቤተሰብ የሚጥል በሽታ ሲኖር ወይም የልጁ ዕድገት ከመጀመሪያውም የዘገየ ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ያኔ የነርቭ ሐኪም ቢያየው ተገቢ ነው። ስለ አእምሮውም አትጨነቁ። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ ታትሞ በወጣ አንድ ትልቅ ክትትል ትኩሳት ያንቀጠቀጣቸው 1,706 ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው ታይተው ነበር፤ በመንቀጥቀጡ ምክንያት የሞተ ልጅ አልተገኘም። ቀድሞ ጤነኛ የነበረ ልጅ በትምህርቱም ከእህት ወንድሞቹ ወደ ኋላ አልቀረም።

ትኩሳትን ማሳደድ

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ከመጀመሪያው በኋላ ለአምስት ወር ያህል ቤታችን የሙቀት መለኪያ ጣቢያ ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ቴርሞሜትር ይዤ እሮጥ ነበር። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እቀሰቅሰዋለሁ። 37.6 ሲል ሽሮፕ፣ 37.9 ሲል ሌላ ሽሮፕ። አንድ ሌሊት ባለቤቴ ፓራሲታሞል ሰጥታው ተኛች፤ እኔ ነቅቼ ስለካው 38.2፣ ደገምኩለት። ጠዋት ስንተያይ ሁለታችንም ሰጥተናል። ለዚያውም አዲሱ ጠርሙስ ከድሮው የጠነከረ ነበር፤ የድሮው በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም፣ አዲሱ በዚያው በ5 ሚሊ ሊትር 250። ወዲያው ሐኪም ጋ ደውለን ተመርምሮ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን ቆሌዬ ተገፎ ነበር። ለልጁ ከትኩሳቱ ይልቅ እኔ አደገኛ ሆኜ ተገኘሁ።

እውነቱ ይህ ነው፦ የትኩሳት መድኃኒት በቀጣይ ሕመም መንቀጥቀጥ እንዳይመለስ አይከላከልም። ብዙ ጊዜ ተሞክሯል፤ ፓራሲታሞልም ሆነ አይቡፕሮፌን አላዳነም። ምክንያቱን ከራሴ ደብተር አየሁት። ከአራቱ ሕመሞች በሁለቱ ልጁ ትኩሳት እንዳለው ያወቅነው ካንቀጠቀጠው በኋላ ነው። ያላያችሁትን ትኩሳት በምን ታሳድዱታላችሁ? በ2018 ከጃፓን የወጣ አንድ ጥናት፣ ልጁን አንዴ ካንቀጠቀጠው በኋላ በዚያው የሕመም ቀን ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ በፊንጢጣ ሲሰጥ በዚያው ሕመም የመደገሙ ዕድል መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ግን ለዚያው ሕመም ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ወር የሚመጣውን ጉንፋን አያግድም።

ታዲያ ሽሮፑን ጣሉት ማለቴ አይደለም። ልጁ ሲያመው፣ ሲነጫነጭ፣ አልጠጣም ሲል ስጡት፤ ለምቾቱ ነው። ፓራሲታሞል በአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ቢያንስ 4 ሰዓት እየቆየ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። አይቡፕሮፌን በአንድ ኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ በየ6 እስከ 8 ሰዓቱ፤ ፈሳሽ ለጎደለው፣ ለሚያስመልሰውና ከ6 ወር በታች ለሆነ ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። አስፒሪን ለልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። መጠኑን ሐኪማችሁ ወይም ፋርማሲስታችሁ በሚሊ ሊትር አስልተው ይጻፉላችሁ፤ ጠርሙስ በተቀየረ ቁጥር ደግማችሁ አስጠይቁ፤ የቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮ የሚመጣውን መለኪያ ተጠቀሙ። በእኛ ቤት የወጣው ሕግ አንድ ነው፦ የሰጠ ሰው ሰዓቱንና መጠኑን በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ይጽፋል፤ ያልተጻፈ አልተሰጠም፣ የተጻፈ አይደገምም።

በቀዝቃዛ ውኃ መንከርና አልኮል መቀባት ይቅር። ልጁን ያንዘፈዝፈዋል፣ ያስለቅሰዋል፤ አልኮሉ ደግሞ በቆዳው ሊገባ ይችላል። ቀለል ያለ ልብስ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ በቃ።

ሐኪማችን በመጨረሻ የነገረችኝ ነገር ነው እንቅልፌን የመለሰልኝ፦ «እንዳይመጣ ለመጠበቅ የምታጠፋውን ጉልበት ሲመጣ ለምታደርገው ነገር አድርገው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴርሞሜትሩን አስቀምጬ ለአምስት ደቂቃ መዘጋጀት ጀመርኩ።

አምስቷ ደቂቃ

ለምን አምስት? አብዛኛው የትኩሳት መንቀጥቀጥ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይቆማል። አምስትን ካለፈ ግን በራሱ የመቆሙ ዕድል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ማቆሚያ መድኃኒት የሚያስፈልገውም አምቡላንስ የሚጠራውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ሰዓት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ለሐኪሟ «አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ» አልኳት። ባለቤቴ «አምስት» አለች። በኋላ ስልኬን ከፍቼ ባየው፣ እርዳታ ስጠራ የተደወለው ጥሪ የፈጀው 3 ደቂቃ ነበር፤ ገና እያወራሁ ነው የቆመው። በድንጋጤ ውስጥ ያለ ወላጅ ሰዓት መገመት አይችልም። ግምታችሁን አትመኑ፤ የስልክ ሰዓት ቁጠሩ።

እንግዲህ ልጁን ሲያንቀጠቅጠው በእኛ ቤት የሚሆነው ይህ ነው። ያየ ሰው መጀመሪያ ሰዓቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። ልጁን ካለበት ወደ ምንጣፍ ወይም ወደ ሰፊ ፍራሽ፤ ጠረጴዛና ሹል ነገር ይራቅ። በጎኑ ይተኛ፣ ፊቱ ትንሽ ወደ መሬት ያዘንብል፣ ምራቅና ትውከት እንዲወጣ። አንገቱ ላይ የታሰረ ነገር ይፈታ። አፉ ውስጥ ምንም አይግባ፤ ጣት፣ ማንኪያ፣ ጨርቅ፣ ውኃ፣ ሽሮፕ፣ ምንም። አፍንጫው ላይ የሚሸተት ነገር አይያዝ። እጅ እግሩን ጨምድዶ መያዝም አያቆመውም፤ ጡንቻ ይጎዳል እንጂ። ሁለተኛ ሰው ካለ በስልኩ ይቅረጸው። ይህ ጭካኔ መስሎ ለባለቤቴ ከብዷት ነበር፤ ሆኖም ሐኪሟ ከኔ የአሥር ደቂቃ ወሬ ይልቅ ከአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ብዙ ነገር አነበበች። ሁለቱም ጎን ነው ወይስ አንዱ፣ ዓይኑ ወዴት ዞሯል፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ከንፈሩ ሲጠቁር የሞተ ይመስላችኋል። እኔ መስሎኝ ነበር። በመንቀጥቀጡ መሃል አተነፋፈሱ ስለሚቆራረጥ ነው፤ ሲቆም ረዥም ትንፋሽ ይስብና ቀለሙ ይመለሳል። ካልተመለሰና ካልተነፈሰ ግን አምስት ደቂቃ አትጠብቁ፤ ወዲያው እርዳታ ጥሩ፣ የምትችሉ ትንፋሽ መስጠት ጀምሩ።

ሲያበቃ ልጁ ይተኛል ወይም ግራ ተጋብቶ ያለቅሳል። በጎኑ እንደተኛ ይቆይ፤ ደረቱን እያያችሁ አብራችሁት ቁጭ በሉ። በደንብ ነቅቶ እስኪውጥ ድረስ የሚጠጣ ነገር፣ መድኃኒትም ቢሆን፣ አትስጡት። ብዙዎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ራሳቸው ይመለሳሉ።

መድኃኒት በቤት የሚቀመጥለት ልጅ

ለሁሉም አይታዘዝም። ከሁለተኛው በኋላ ግን ሐኪማችን ለእኛ ሚዳዞላም አዘዘችልን፤ በጉንጭና በድድ መሃል በሲሪንጅ ቀስ እየተባለ የሚጨመር። በፊንጢጣ የሚሰጠው ዳያዜፓም የሚታዘዝለትም አለ። ሥራቸው አንድ ነው፦ አምስት ደቂቃ ያለፈን መንቀጥቀጥ ማቆም። እያንዳንዱ ልጅ መጠኑ የየራሱ ነው፤ የሌላ ልጅ አይሠራለትም፤ ልጁ ኪሎ ሲጨምርም ይታደሳል። ከተሰጠ በኋላ ትንፋሹ ሊዘገይ ስለሚችል ዓይናችሁን ከደረቱ አትንቀሉ፤ ሐኪም ካላዘዘ ሁለተኛ መጠን አይደገምም።

ሐኪም ቤት ሲታዘዝላችሁ ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። እንዴት እንደሚሰጥ እዚያው አሳዩኝ በሉ። እኔ ባዶ ሲሪንጅና ውኃ ይዤ በአሻንጉሊት ድብ ጉንጭ ላይ ተለማምጃለሁ፤ ባለቤቴ ስትስቅብኝ ነበር፣ በሦስተኛው ቀን እሷም ተለማመደች።

አራተኛው ላይ ያ ልምምድ ሥራ ላይ ሊውል ነበር። ባለቤቴ ልጁን በጎኑ አስተኝታ ይዛዋለች፣ እኔ ሰዓት እቆጥራለሁ። ሦስት ደቂቃ። ሦስት ተኩል። አራት ላይ መድኃኒቱን ከማሸጊያው አወጣሁ። 4 ከ20 ላይ ክዳኑን ከፈትኩ። እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። 4 ከ40 ላይ ልጁ ረዥም ትንፋሽ ስቦ ዝም አለ። ሲሪንጁን ከድኜ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያኔ ነው።

መቼ ወደ ሐኪም ቤት?

ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነበት ልጅ ሁሌም ይታይ፤ መንቀጥቀጡ ቢቆምም። የተመለሰበት ልጅ ደግሞ ትኩሳቱን ያመጣው ምን እንደሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይመልከተው። አምቡላንስ የሚጠራው ወይም በፍጥነት የሚኬደው አምስት ደቂቃ ሲያልፍ፣ አንድ ጎን ብቻ ሲንቀጠቀጥ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲደገም፣ ከቆመ በኋላ ትንፋሹ ሲያስቸግረው ወይም በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ራሱ ሳይመለስ ሲቀር ነው።

ከምንም በላይ ግን ማጅራት ገትርን ፍሩ። አንገቱ ከደረቀ፣ ብርሃን ካስጠላው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከነቃ በኋላም ከፈዘዘ፣ የጨቅላ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ወይም ግልጽ ብርጭቆ ሲጫኑበት የማይጠፋ ሽፍታ ከወጣበት «የትኩሳት ነው፣ ለምደነዋል» ብሎ ቤት መቀመጥ የለም። ያለፉት ሦስቱ ተራ ስለነበሩ አራተኛው ተራ ነው ማለት አይቻልም። ዕድሜው ከ6 ወር በታች ወይም ከ5 ዓመት በላይ ከሆነም ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ወባ ባለበት አካባቢ የሚኖር ወይም በቅርቡ ከዚያ የመጣ ልጅ ከሆነ የወባ የደም ምርመራ ሳይደረግለት መመለስ የለበትም፤ ለሐኪሙም ራሳችሁ ንገሩት።

በአራተኛው ቀን፣ ከዚያ ከ4 ደቂቃ ከ40 በኋላ፣ ሐኪም አይቶት ጉሮሮው መቁሰሉን ነግሮን ቤት ገባን። ከስድስት ሰዓት በኋላ ደገመው፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። «አጭር ናት እኮ፣ ይለፈን» የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ግን «በ24 ሰዓት ከተደገመ፣ ሂዱ» ይላል፤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሄድን፤ አንድ ሌሊት አሳደሩት፣ ደህና ሆኖ ወጣ። ወረቀቱን በደህና ቀን መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በጭንቅ ቀን ሰው ለራሱ ይዋሻል።

ስለ ምርመራ አንድ ቃል። ከሁለተኛው በኋላ የአንጎል ሞገድ ምርመራና ኤምአርአይ (የአንጎልን ውስጥ የሚያሳይ ምስል) ይነሣልኝ ብዬ ሙጭጭ ብዬ ነበር። ሐኪሟ እምቢ አለች፤ ተናደድኩባት። ቀላሉ ዓይነት ለሆነበትና በሌላው ጊዜ ደህና ለሆነ ልጅ የሞገድ ምርመራው ይመለስ አይመለስ አይናገርም፤ ኤምአርአይ ደግሞ ለሕፃን ማደንዘዣ ሊጠይቅ ይችላል። አሁን ሳስበው ልክ ነበረች።

በየቀኑ የሚዋጥ መከላከያስ?

አለ። ፊኖባርቢታልና ቫልፕሮኤት መመለሱን ይቀንሳሉ። ግን የመጀመሪያው ልጁን ያነጫንጫል፣ ያቅበጠብጣል፣ በትምህርት ችሎታም ላይ ጥላ ያጠላል፤ ሁለተኛው ደግሞ አልፎ አልፎ፣ በተለይ ከ2 ዓመት በታች በሆኑት ላይ፣ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። አንጎልን ለማይጎዳ፣ ሲያድግ ለሚተወው ነገር ይህን መክፈል አያዋጣም ብለው ሐኪሞች ትተውታል። በትኩሳት ቀን ብቻ የሚሰጥ ዳያዜፓምም አለ፤ ልጁን እያንገዳገደና እያስተኛ ማጅራት ገትርን የመሰለ ከባድ በሽታ ሊሸፍን ስለሚችል ለጥቂቶች ካልሆነ አይታዘዝም።

የብረት ማነስ ያለባቸው ልጆች ላይ የትኩሳት መንቀጥቀጥ በብዛት እንደሚታይ ተስተውሏል፤ ልጃችሁ የገረጣ ከሆነ ደሙ ይታይ።

ክትባትንም በዚህ ሰበብ አታስቀሩ። ከኩፍኝ ክትባት በኋላ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ትኩሳት ሊመጣና አልፎ አልፎም ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፤ እውነት ነው። ግን ኩፍኙ ራሱ ትኩሳትም አለው፣ ሳንባ ምችም አለው፣ አንጎልን የሚነካበትም ጊዜ አለ። እኛ ክትባቱን ወሰድን፤ ቀኑን አስልቼ በዚያ ሳምንት ከቤት አልራቅኩም። ያ ብቻ ነው ያደረግነው።

ልጁ ከእናንተ ጋር በማይሆንበት ቀን

ሦስተኛው የደረሰው አማቴ ጋ በዋለበት ቀን ነው። ማንም አልነገራቸውም ነበር፤ «አያስደነግጣቸው» ብለን። ልጁን ታቅፈው ጎረቤት ለጎረቤት ሲሮጡ ደረጃ ላይ ሊወድቁ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ሲረጋጉ የተናገሩኝን አልረሳውም፦ «እኔን ከድንጋጤ ለማዳን ብላችሁ ልጁን ከእውር ጋር ተዋችሁት?»

ስለዚህ ልጁን ለሚይዝ ሰው ሁሉ ይነገረው፦ አያት፣ ሞግዚት፣ የመዋያው አስተማሪ፣ በትምህርት ቤት መኪና የሚያመላልሰው። ረዥም ማብራሪያ አይዙም። እኛ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምንላቸው፦ በጎኑ አስተኛው፣ አፉን አትንካ፣ ሰዓት እይ። ከሥሩ ስልክ ቁጥራችን፣ የልጁ ኪሎ፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ «5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ»። ታላቅ እህቱ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እሷም የራሷ ሥራ ተሰጣት፦ በሩን ከፍታ ውጭ ቆማ አምቡላንሱን ማሳየት። ሥራ የተሰጠው ልጅ ጥግ ይዞ አያለቅስም።

ደብተሩ ላይ የምጽፈውን ለሚፈልግ ደግሞ፦ ቀን፣ ዕድሜ፣ ትኩሳቱ ስንት፣ ከታየ ስንት ሰዓቱ፣ የጀመረበትና የቆመበት ሰዓት፣ የትኛው ጎን፣ መድኃኒት ተሰጥቶ ከሆነ መጠኑ፣ ለመንቃት የፈጀበት ጊዜ፣ የትኩሳቱ ምክንያት። ከአንድ መስመር አያልፍም።

ባለፈው ወር በኢንፍሉዌንዛ 39.6 ደርሶ ነበር። አጠጣነው፣ ፓራሲታሞሉን በወረቀቱ ላይ ጽፈን ሰጠነው፣ አጠገቡ ተኛሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ። ምንም አልሆነም። ጠዋት መሳቢያውን ስከፍት ሚዳዞላሙ ጊዜው ካለፈበት ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እናንተ ልጃችሁ ገና ትንሽ ከሆነ ይህን አታድርጉ፤ የሚያበቃበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ከአንድ ወር በፊት እንዲያስታውሳችሁ አድርጉ። እኔ ሐኪማችን ጋ ደውዬ ይታደስ ወይ ስላት «ስድስት ዓመት ተኩል ሆነው እኮ፤ አያስፈልግም» አለችኝ። የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አይጣልም፤ ፋርማሲ ወስጄ አስረከብኩት።